ከእልቂት የተረፉትን ሰዎች ቃል ስለ መጻፍ

ቤተ ክርስቲያናችን መስከረም 22 ቀን ከምታስባቸው ቅዱሳን አንዱ ዮልዮስ ዘአቅፋሕስ ነው። ይህ ቅዱስ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመነ መንግሥት በምድረ ግብፅ የነበረ ባለጸጋ ሲሆን፥ ስንክሳሩ እንደሚነግረን ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው፥ ስለ ሃይማኖታቸው የታሰሩትንና የተገረፉትን እየጎበኘ ቁስላቸውን ማከም፥ የሞቱትንም ገንዞ መቅበር ነው። ሁለተኛው፥ የተቀበሉትን መከራ እየጠየቀ መጻፍ ነው። ለዚህም ሥራ መጻፍ የሚያውቁ 300 አገልጋዮች ይረዱት ነበር። እርሱ ባይጽፍ ኖሮ፥ ዛሬ በየበዓላቸው ገድላቸው የሚነበብላቸው ብዙ ሰማዕታት ስማቸው እንኳ ባልታወቀ ነበር።

የሥራውን ቅደም ተከተል ልብ ይሏል። አስቀድሞ ቁስሉን አከመ፤ ቀጥሎ ጻፈ። ቁስሉን አክሞ ዝም አላለም፤ ቁስሉንም ሳያክም ብዕር አላነሣም። ከጦርነትና ከእልቂት የተረፉትን ሰዎች ቃል መጻፍ የሚገባው ሰው ከዚህ የተሻለ አብነት የሚያገኝ አይመስለንም።

የቅዱስ ዮልዮስን ሥራ ያነሣነው፥ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ስላለችው ስለ ኮኪትና ስለ አካባቢዋ ለመናገር ነው። ኮኪት ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አገሩ የሰሊጥ፥ የጥጥና የማሽላ አገር ነው፤ በየቤተ መቅደሳችን የሚታጠነው ዕጣን ከሚለቀምባቸው ቆላዎችም አንዱ ይኸው የመተማ ቆላ ነው። የሱዳን ወሰን ቅርብ በመሆኑ ነጋዴውም፥ ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም፥ ስደተኛውም፥ ጦሩም የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የሚኖር ሰው፥ ከአያቶቹ የሰማው መከራ ሳይዘነጋው የራሱን መከራ የሚጨምርበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቀደመውን መከራ እናስታውስ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ መሪነት በሳር ውኃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረገ በኋላ ወደ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፥ ካህናቱን ገደለ፥ ብዙ ሴቶችንና ሕፃናትን ማርኮ ወደ ሱዳን ወሰደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከቃጠሎው ተርፋ እስከ ዛሬ ቆማለች። በዓመቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ተዋግተው፥ ድሉ ወደ እርሳቸው ሲያዘነብል በጥይት ቈሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ጠላትም የሚሸሸውን ሠራዊት ተከታትሎ ሥጋቸውን ከያዘ በኋላ ራሳቸውን ቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ላከ። ከተማይቱም እስከ ዛሬ በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ስለ ተጻፈ ነው። የንጉሡን ሞት ታሪክ ጸሐፊዎች ጻፉት፤ የውጭ አገር ሰዎችም ጻፉት። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከጎንደር ተማርካ በእግሯ ቆላውን አቋርጣ ወደ ኦምዱርማን የተነዳችው ሴት በመንገድ ምን በላች? ልጇን በምን ደበቀች? በባዕድ አገር ጾሙንና በዓሉን እንዴት ቈጠረች? ከተመለሱትስ ማን መንገድ አሳያቸው? ስለዚህ ነገር የተጻፈው ስለ ንጉሡ ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። እነዚያ ሴቶች አፍ ነበራቸው፤ ልጆችም ነበሯቸው። በጎረቤታቸውም መጻፍ የሚያውቅ ደብተራና ካህን አልጠፋም ነበር። የጠፋው ጠያቂ ነው።

እኛም በዘመናችን ይህንኑ ጥፋት እንዳንደግመው ያስፈራል። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. በኮኪትና በገንዳ ውኃ ሰዎች በጥይት ሞቱ። በዚያው ዓመት በመተማና በጭልጋ አገር በአማራና በቅማንት፥ አንድ ገበያ በሚገበያዩና በጋብቻ በተሳሰሩ ወንድማማቾች መካከል በተነሣው ግጭት ብዙ ነፍስ ጠፋ፤ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰውም ከቤቱ ወጣ። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዚህ ቆላ በስተ ሰሜን ባለችው በማይካድራ ብዙ ሰላማውያን አማሮች ተገደሉ፤ ከዚያም በኋላ በበቀል የትግራይ ተወላጆች ተገደሉ። በዚያ ጦርነት ከ60,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተከዜን እየተሻገረ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ሲጀመር ስደቱ ዞረ፤ ሱዳናውያንና በሱዳን ይኖሩ የነበሩ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ፤ ብዙዎቹም በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ በተባሉ ቦታዎች ተጠለሉ። ሸሽቶ የሄደና ሸሽቶ የመጣ በአንድ መንገድ ተላለፉ። ይህን ያዩ ሰዎች ዛሬ ከእኛ ጋር አብረው ያስቀድሳሉ፤ በገበያም እንገናኛለን።

ቃላቸው ባይጻፍ ምን ይጐድላል? የሚል ቢኖር፥ የደብረ ሊባኖስ ነገር ይመልስለታል። ግራዚያኒ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቦምብ ከተጣለበት በኋላ፥ የገዳሙ መነኰሳት በነገሩ አሉበት ብሎ እንዲገደሉ ጄኔራል ማሌቲን አዘዘ። በግንቦት ወር፥ ለአባታችን ለተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰበው ሕዝብ በገዳሙ ተከበበ፤ መነኰሳቱና ምእመናኑ ላጋ ወልዴ በተባለው ቦታ በመትረየስ ተፈጁ፤ ዲያቆናቱም ከቀናት በኋላ ተከተሏቸው። ገዳዮቹ ለመንግሥታቸው ያስታወቁት ቍጥር በጠቅላላው 449 ነበር። ይህም ቍጥር ለብዙ ዘመን ተቀባይነት አግኝቶ ኖረ። ከ50 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ደግፌ ገብረ ጻድቅና ኢያን ካምቤል የተባሉ ሁለት ሰዎች፥ በዚያ ጊዜ ልጆች የነበሩትን ሽማግሎችና የቦታውን ነዋሪዎች እየፈለጉ ጠየቋቸው። ከቃላቸውም የተነሣ የሟቾቹ ቍጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ሊደርስ እንደሚችል ተገመተ። ካምቤልም ይህን በመጽሐፍ አዘጋጅቶ፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 አሳተመው።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፥ ተበዳይ ዝም ካለ የበዳይ ወረቀት እውነት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው፥ ሽማግሎቹ ለመናገር ዝግጁ ሆነው ሳለ፥ ጠያቂ እስኪመጣላቸው ድረስ ያን ያህል ዘመን መቈየታቸው ነው። በመካከሉ ስንቱ ሳይጠየቅ እንደ ሞተ እግዚአብሔር ያውቃል።

ደግሞም በአገራችን የኖሩ ሌሎች ተራፊዎች አሉ። በ1907 ዓ.ም. በአርመን ሕዝብ ላይ ከደረሰው የዘር ማጥፋት የተረፉ አባትና እናት የሌላቸው ልጆች በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ተጠግተው ይኖሩ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ ቅድስት አገር በሄዱ ጊዜ አይተዋቸው፥ 40ውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነትም የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። አርባ ልጆች እየተባሉ ዛሬም ይታወሳሉ። ነገር ግን እኛ የምናስታውሰው ጥሩንባቸውን ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከየትኛው መንደር እንደ ወጣ፥ ማን እጁን ይዞ እንዳሻገረው፥ ማን እንጀራ እንደ ሰጠው ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን መልስ የለንም። እንግዳ መቀበል መልካም ነው፤ ከእንግዳው ጋር ተቀምጦ የመጣበትን መንገድ ማዳመጥ ደግሞ የመቀበሉ ፍጻሜ ነው።

ከመጻሕፍት ምስክር ከተፈለገ፥ ነቢዩ ኤርምያስና ጸሐፊው ባሮክ ይበቁናል። ኤርምያስ ይናገር ነበር፤ ባሮክም ከአፉ እየሰማ በክርታስ ላይ ይጽፍ ነበር። ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ተቀምጦ ያን መጽሐፍ ሲያነቡለት፥ የተነበበውን ያህል በካራ እየቈረጠ በምድጃው እሳት ጨመረው። መጽሐፉ ሁሉ ተቃጠለ። ኤርምያስ ግን ሌላ ክርታስ እንዲወሰድ አዘዘ፤ ባሮክም የፊተኛውን ቃል ሁሉ እንደ ገና ጻፈ፥ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት። እሳት ብራናን እንጂ ምስክርን አያጠፋም፤ ምስክሩ በሕይወት ሳለ የሚጽፍለት ባሮክ ካገኘ ማለታችን ነው።

በዚህ ነገር አንዳንድ ደጋግ ሰዎች የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «ክርስቲያን ይቅር ባይ ነው፤ ያለፈውን ቁስል መነካካት ለምን ያስፈልጋል? ቂምስ አያስነሣም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በእርግጥ ያለ ጥንቃቄ የተነገረ መከራ የበቀል ነዳጅ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይቅርታና መርሳት አንድ አይደሉም። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ባለ ጊዜ የሸጡት ወንድማቸው እርሱ መሆኑን ከመናገር አልተቈጠበም፤ በደሉን በስሙ ጠራው፥ ከዚያ በኋላ አቅፎ አለቀሰ። ደግሞም ይህን ከመናገሩ በፊት ግብጻውያኑን ሁሉ ከቤቱ አስወጣ። በደሉን አልሸሸገም፤ ወንድሞቹንም በባዕድ ፊት አላዋረደም። የተራፊዎችን ቃል የሚጽፍ ሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል መሄድ አለበት።

እንግዲህ ሥራውን እንጀምር የሚሉ ካህናት፥ መምህራንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቢኖሩ፥ ሊጠብቁት የሚገባ ሥርዓት ይህ ነው።

በመጀመሪያ፥ ቁስሉ ይቅደም። የተራበ ሰው ሳይበላ፥ የታመመ ሰው ሳይታከም፥ መጠለያ የሌላት እናት መጠለያ ሳታገኝ፥ ደብተር ይዞ መጠየቅ ነውር ነው። ለመናገር ያልፈቀደም አይገደድ። የመተማ ሰው ይህን ከዕጣን ዛፍ ያውቀዋል፤ ልጡ በመጠኑ ሲላጥ ዕጣኑን ይሰጣል፤ ያለ ዕረፍት በየጊዜው ቢላጥ ግን ዛፉ ይደክማል፥ ይደርቃልም። አንዲት ሴት ለአንዱ ተናግራ ስታበቃ ሌላው፥ ከእርሱም በኋላ ሦስተኛው እየመጣ ያንኑ መከራ እንደ ገና ንገሪን ቢላት፥ የሚጽፈው ነገር ሳይሆን የሚያቈስለው ነገር ይበዛል። አንድ ጊዜ፥ በሚገባ፥ በምታምነው ሰው ፊት ይበቃታል። ሴት የደረሰባትንም ነገር የምትጠይቃት ሴት ብትሆን ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ይህ ነገር ከምሥጢረ ንስሐ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። ለንስሐ አባት የተነገረ ቃል በምንም ምክንያት አይጻፍም፥ አይገለጥምም። ስለዚህ ቃሉን የሚቀበለው ሰው የተናጋሪው የንስሐ አባት ባይሆን ይመረጣል። በንስሐ ጊዜ ስለ ጦርነቱ የሰማ ካህንም ለጸሐፊው «እገሌን ጠይቀው» ብሎ እንኳ አይጠቁም። ሕዝቡ የኑዛዜው ምሥጢር በደብተር ላይ ወጣ ብሎ የጠረጠረ እንደ ሆነ፥ አንዱን ሥራ ብለን ሁለቱንም እናጠፋለን።

ሦስተኛ፥ ያየው ካልሰማው ይለይ። ወንጌላዊው ሉቃስ ከመጀመሪያው በዓይን ካዩት ሰዎች ጠይቆ በቅደም ተከተል እንደ ጻፈ በመግቢያው ገልጦልናል። ተናጋሪው «አየሁ» ያለውን አየሁ፥ «ሰማሁ» ያለውን ሰማሁ ብለን እንጻፍ። ቃሉንም አናስጊጠው። እርሱ አሥር ሰው ሞተ ካለ አሥር ይጻፍ፤ «ስፍር ቍጥር የሌለው» ብንለው ሟቹን አናከብረውም፥ ለሚክድ ሰው ግን የመካጃ ምክንያት እንሰጠዋለን። የደብረ ሊባኖስን ነገር ያጸናው የምስክሮቹ ጥንቃቄ ነው። ተናጋሪውም በሚናገርበት ቋንቋ፥ በአማርኛም ቢሆን፥ በትግርኛም፥ በጉምዝኛም፥ በዐረብኛም ይጻፍለት፤ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ተነቦለት፥ ይታረም ያለው ይታረም።

አራተኛ፥ መሞትን ብቻ ሳይሆን መኖርን እንጠይቅ። ዋናው ነገር ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ማን እንደ ገደለ፥ በምን እንደ ገደለ ነው፤ እንዲህ ሲሆን የተራፊው ታሪክ ሁሉ የገዳዩ ታሪክ ይሆናል። በማሽላው ውስጥ ሌሊቱን ማን ደበቃችሁ? ውኃ ማን አቀበላችሁ? በዚያ ጊዜ ምን ብላችሁ ጸለያችሁ? በባዶ እጅ ስትመለሱ የመጀመሪያውን ዘር ማን አበደራችሁ? ብለን ስንጠይቅ ግን፥ የሰውየው ጽናትና የእግዚአብሔር ቸርነት ይገለጣል። ከዚህም ጋር አንድ ታላቅ ነገር ይመጣል። ከተረፉት ሰዎች ብዙዎቹ የተረፉት ጠላት ከተባለው ወገን የሆነ ጎረቤት በሩን ስለ ከፈተላቸው ነው። የዚያ ጎረቤት ሥራ ካልተጻፈ፥ ነገ ልጆቻችን የሚያውቁት በሩን የሰበረውን ብቻ ይሆናል። የአማራውም፥ የቅማንቱም፥ የትግራዩም፥ የጉምዙም፥ የሱዳናዊው ስደተኛም ቃል በአንድ ሚዛን ይጻፍ። የአንዱን ወገን እንባ ብቻ የሚጽፍ ሰው የክስ መዝገብ እንጂ የምስክር መጽሐፍ አልጻፈም።

አምስተኛ፥ ስም በጥንቃቄ ይያዝ። በወንጀል የሚጠረጠር ሰው ስም በዐውደ ምሕረት አይጠራም፤ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ዳኛ አይደለችምና። ተናጋሪው ፍርድ የሚፈልግ ቢሆን ወደ ሕግ ቦታ ይመራ። የሟቾቹ ስም ግን ይሰብሰብ። በሽሽት ጊዜ ያለ ጸሎተ ፍትሐት የተቀበሩ፥ ጨርሶም ያልተቀበሉ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቁት አንዲት እናት ወይም አንዲት እኅት ብቻ ልትሆን ትችላለች። እርሷ ስትሞት ስሙም አብሯት ይቀበራል። በጸሎት የሚታሰብበትን ስም ዛሬ ጠይቀን ብንጽፍ ለሟቹም ለኗሪዋም መጽናናት ነው።

በመጨረሻም፥ የተጻፈው በሚገባ ይጠበቅ። አባቶቻችን ርስቱንና ጕልቱን፥ በዘመናቸውም የሆነውን በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ወንጌሉ ስለሚከበር ጽሑፉም አብሮ ኖረ። ዛሬ በእጅ ስልክ ድምፅ መቅረጽ ይቻላል፥ መልካምም ነው፤ የተናጋሪውን ድምፅ ከነእንባው ይይዛልና። ነገር ግን ስልክ ይጠፋል፥ ይሰበራል፥ ከእጅ ወደ እጅም ይዞራል። ስለዚህ ተናጋሪው ከፈቀደ ድምፁ ተቀርጾ ሳለ ቃሉ በወረቀት ይጻፍ፤ አንዱ ግልባጭ በደብሩ ዕቃ ቤት፥ አንዱ በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ። ቆላው የምስጥ አገር ነውና ወረቀቱ ከመሬት ከፍ ባለ የቈርቈሮ ሣጥን ይሁን። ጊዜውም የሰሊጡ አጨዳ ካለቀ በኋላ ቢሆን ሰው ፋታ ያገኛል።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ሁለት የታመኑ ሰዎች፥ አንድ ደብተር፥ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ነው። አንድ ደብር በዓመት አሥር ሰው ቢጠይቅ፥ በአሥር ዓመት የመቶ ሰው ቃል ይኖረዋል።

በተረፈ ባሮክ ያለውን የአቤሜሌክን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በለስ ሊለቅም ወጥቶ በጥላ ሥር ዐረፈ፤ ሕዝቡ ሲማረክ፥ ከተማው ሲጠፋ እርሱ 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ በለሱ ገና ትኵስ ነበር። ወደ ከተማው ሲገባ ግን መንገዱ ጠፋው፥ የሚያውቀውንም ሰው አጣ። የሆነውን የነገረው በመንገድ ያገኘው አንድ ሽማግሌ ነው። መከራውን ያላየ ትውልድ ሁሉ አቤሜሌክ ነው፤ በእጁ ያለው በለስ ትኵስ ስለ ሆነ ምንም ያልሆነ ይመስለዋል። በኮኪትና በመተማ ዛሬ የሚወለዱት ልጆችም ነገ ተነሥተው ይጠይቃሉ። የሚመልስላቸው ሽማግሌ በዚያን ጊዜ ባይኖር እንኳ፥ ቃሉ በደብራቸው ዕቃ ቤት ተጽፎ ይቈያቸው።

ቁስልን እያከምን ቃልን እንድንጽፍ፥ በቅዱስ ዮልዮስ ጸሎት እግዚአብሔር አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።